የረጋ ደም አሟሚ ኢንዛይሞች በጀርባ ውሃ ውስጥ፦ የጋራ ፕሮፖዛላችንን እንቅረጽ

አስተባባሪ፦
ጤና ይስጥልን፣ ውድ አባላት። የረጋ ደም የሚያሟሙ ኢንዛይሞች ከነርቭ በሽታዎች ጋር ባላቸው ግንኙነት ላይ ያዘጋጀነው ረቂቅ ደርሷችኋል። ስትሮክን፣ ኤምኤስን (የነርቮች ሽፋን የሚጎዳበትን በሽታ)፣ አልዛይመርንና የቲቢ ማጅራት ገትርን ይዟል። ማሻሻያ ያላችሁ እዚሁ ጻፉ።

የነርቭ ሐኪም፦
ረቂቁ በጣም ሰፍቷል። አራት በሽታ በአንድ ፕሮፖዛል አንችልም። የቲቢ ማጅራት ገትርን ብቻ እንያዝ። ቲቢ የአንጎልን ሽፋን ሲያጠቃ በአንጎል ግርጌ ፋይብሪን (ደምን የሚያረጋው ፕሮቲን) ያለበት ወፍራም መግል መሳይ ነገር ይጋገራል። አንጎልንና ሕብለ ሰረሰርን የከበበው ፈሳሽ፣ ማለትም የጀርባ ውሃ፣ መንገዱ ይዘጋና ጭንቅላት ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል። በዚያ የሚያልፉት የደም ሥሮች ይቆጣሉ፣ ይጠባሉ፣ ደም ይረጋባቸዋል። ሕመምተኛው የቲቢ መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ ስትሮክ ይመታዋል። ዋርድ ውስጥ ይህን ማየት ያንገበግባል።

በ2004 በቬትናም 545 ሕሙማን ላይ የተሠራ ጥናት ዴክሳሜታዞን የተባለው ቁጣ አብራጅ መድኃኒት ሞትን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከባድ የአካል ጉዳትን ግን አልቀነሰም። በ2023 የወጣው ጥናት ደግሞ ኤችአይቪ ባለባቸው አዋቂዎች ላይ ጥቅም አላገኘም። ቁጣውን ማብረድ ብቻ አልበቃም። ደሙ የሚረጋበትንና የሚሟሟበትን ሚዛን እንይ።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦
ዶክተር፣ በጠበበው ርዕስ እስማማለሁ። ግን ቲፒኤ የተባለው የረጋ ደም አሟሚ ኢንዛይም ለስትሮክ አሜሪካ ውስጥ ከፀደቀ ከ1996 ጀምሮ ስንት ዓመት ሆነው! ለምን መድኃኒቱን ራሱን አንሞክርም?

የነርቭ ሐኪም፦
እዚህ ላይ አልስማማም፣ ዶክተር። አንጎል ክፍተት ውስጥ ደም የፈሰሰባቸው 500 ሕሙማን ተካፍለው ለግማሽ ያህሉ ቲፒኤ በቱቦ የተሰጠበት ጥናት በ2017 ታትሟል። ሞት ቀነሰ፤ ራሳቸውን ችለው የሚኖሩት ቁጥር ግን ጎላ ብሎ አልጨመረም። ደግሞም ቲፒኤ የረጋ ደም ማሟሚያ ብቻ አይደለም። አንጎልም ያመርተዋል፤ የነርቭ ሴሎችን ምልክት ይነካል። በ1995 ቲፒኤ በሌላቸው አይጦች ላይ ከልክ ያለፈ መነቃቃት የሚገድላቸው የነርቭ ሴሎች ማነሳቸው ታይቷል። ሳንለካ መስጠት ሰው ላይ መሞከር ነው። እኛ እንለካ።

የላብራቶሪ ባለሙያ፦
ከተለካ በደንብ ይለካ። የምንፈልገው ቲፒኤን፣ እሱን የሚገታውን ፒኤአይ-1ን፣ ቲፒኤ ወደ ደም አሟሚ የሚለውጠውን ፕላስሚኖጅንን እና የረጋ ደም ሲሟሟ የሚቀረውን ዲ-ዳይመርን ነው። መጠን ብቻ አይበቃም። ቲፒኤ በብዛት ኖሮ በፒኤአይ-1 ታስሮ ሥራ ፈት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሚሠራውን ለይተን እንለካ።

ትልቁ ፈተና ግን ሌላ ነው። በማጅራት ገትር ጊዜ በደምና በአንጎል መካከል ያለው አጥር ስለሚላላ የደም ፕሮቲን ወደ ፈሳሹ ይገባል። ያገኘነው ፕላስሚኖጅን ከደም የሾለከ ይሁን ሌላ እንዴት እናውቃለን? በዚያው ቀን ደምም ተወስዶ አልቡሚን የተባለው የደም ፕሮቲን ከሁለቱም ይለካ፤ ንጽጽሩ የሾለከውን ይገምትልናል። መርፌው የደም ሥር ነክቶ ፈሳሹ ከቀላም ውጤቱ ይበላሻል። የመጀመሪያው ቱቦ ሳይሆን የኋለኛው ይቀመጥልን፣ የቀይ ደም ሴል ቆጠራውም ይመዝገብ። ናሙናው ቶሎ በሴንትሪፊዩጅ ዞሮ፣ በትንንሽ ቱቦ ተከፋፍሎ፣ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ይግባ። ማቅለጥና መልሶ ማቀዝቀዝ አይፈቀድም። መብራት በሄደ ቁጥር ፍሪዘሩ ምን ይሆናል? ጄኔሬተር በበጀቱ ይግባ፤ በዚህ አልደራደርም።

ሲስተር (ከዋርድ)፦
እኔ ስለ ቤተሰብ ላንሳ። "ከጀርባ ውሃ ተቀድቶ ሽባ ሆነ" የሚለው ፍርሃት ብዙ ሰው ዘንድ አለ። ለጥናት ብለን ተጨማሪ መርፌ ከጠየቅን ለሕክምናው የሚያስፈልገውንም ይከለክሉናል። ለምርመራ ከተቀዳው የተረፈውን ብቻ እንጠቀም። ሁለተኛ መቅዳት ካለም ሐኪሙ ለሕክምናው ሲያዝ ብቻ ይሁን። ሕመምተኛው ራሱን ካላወቀ ፈቃድ የሚሰጠው ማን እንደሆነም በቅጹ ላይ በግልጽ ይጻፍ።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦
ሲስተር ትክክል ነሽ። የመድኃኒቱን ሐሳብ ትቻለሁ። አንድ ጥያቄ ግን፦ ስትሮኩን በምን እናረጋግጣለን? ኤምአርአይ ለሁሉም አይደርስም።

የነርቭ ሐኪም፦
ሕመምተኛው ሆስፒታል ሲገባና ስትሮክ ሲጠረጠር ሲቲ ስካን ይነሳ። ሲቲ ትንንሹን እንደሚያመልጠው በፕሮፖዛሉ እንጻፍ።

አስተባባሪ፦
የተሻሻለው ዓላማ እንዲህ ይነበባል፦ "የቲቢ ማጅራት ገትር በያዛቸው አዋቂዎች፣ ለምርመራ ተቀድቶ በተረፈ የጀርባ ውሃ ውስጥ ያለው የማርጋትና የማሟሟት ሚዛን ከስትሮክ ጋር ያለውን ግንኙነት ማጥናት። ጥናቱ መድኃኒት አይሰጥም።" የላብራቶሪውን ክፍል ባለሙያችን፣ የፈቃድ ቅጹን ሲስተር ይጻፉልን። የሕፃናቱን ጉዳይ ለብቻው እናየዋለን። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ዘንድ ከመሄዳችን በፊት ሁላችሁም አንብባችሁ ፈርሙ።