ለድሬው አጎቴ የቱን ሰንጢ ልያዝለት?

የለንደኗ፦
ሰላም የድሬ ልጆች! ለገና ወደ ድሬ እወርዳለሁ። አጎቴ ጡረታ የወጣ የምድር ባቡር መካኒክ ነው። «አቦ፣ የሚቆርጥ ሰንጢ አምጪልኝ፤ ከገበያ የምገዛው አንድ ማንጎ ሳይልጥ ይዶለዱማል» ብሎኛል። ሁለት ሰንጢ መርጬ መሀል ላይ ቆሜያለሁ፦ የፈረንሳዩ ኦፒኔል ቁጥር 8 እና የስዊሱ ቪክቶሪኖክስ ፓዮኒር። የቱ ይሻለዋል? ለራሴም አንድ ልገዛ አስቤያለሁ።

የከዚራ ልጅ፦
እህቴ፣ ሁለቱም የቆዩ ቤቶች ናቸው። ኦፒኔል እ.ኤ.አ. ከ1890 ጀምሮ፣ ቪክቶሪኖክስ ደግሞ ከ1884 ጀምሮ አሉ። በጥራት አንዳቸውም አያሳፍሩሽም።

ለፍራፍሬ ብቻ ከሆነ ኦፒኔል ይበልጣል። ስለቱ 8.5 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ስስ ነው። ማንጎ ላይ ሳትገፊው ይሄዳል፤ ጊሽጣም ስትሰነጥቂበት አይጨፈልቅም። እጀታው አናት ላይ የምትዞር የብረት ቀለበት አለችው፤ እ.ኤ.አ. በ1955 የተጨመረች ናት። ስለቱን ከፍተሽ ቀለበቷን ዞር ካደረግሻት ጣት ላይ አይታጠፍም። ቪክቶሪኖክሱ ይህ የለውም፤ ስለቱን ይዞ የሚያቆመው ሞላ ብቻ ነው።

ኦፒኔል ግን በሁለት ዓይነት ብረት ይመጣል። አንዱ ስለቱ ላይ ካርቦን፣ ሌላው ኢኖክስ (የማይዝግ ብረት) የሚል ተጽፎበታል። ካርቦኑ በቀላሉ ይሳላል፤ ሎሚ ሲነካው ግን ይጠቁራል፣ እርጥቡን ካጠፉት ይዝጋል። ሎሚ ቆርጦ ሰንጢውን ጠርጎ የሚያስቀምጥ የድሬ ሰው እስካሁን አላየሁም! ኦፒኔል ካልሽ ኢኖክሱን ግዢ። እጀታው እንጨት ስለሆነ እናንተ ጋ እርጥበት ሲያገኘው አብጦ ስለቱን አላወጣም ይላል። በድሬ ደረቅ ሙቀት ይህ ብዙም አያሳስብም።

ፓዮኒሩ ደግሞ ስለት፣ ቆርቆሮ መክፈቻ፣ ጠርሙስ መክፈቻና ወስፌ አለው። የመክፈቻዎቹ ጫፍ እንደ ካቻቢቴ ይሠራል፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ መላጫም አለው። እጀታው አሉሚኒየም ነው፣ ላብ አይጎዳውም። እና አጎትሽ መካኒክ ነው ብለሻል። ለድሬ መካኒክ ጡረታ ወጣ ማለት የሰፈሩ ቬንትሌተር ሁሉ እሱ ጋ መጣ ማለት ነው። ኦፒኔል ከሰጠሽው በዚያች ስስ ጫፍ ብሎን ሊፈታ ይሞክራል፣ ጫፏም ትሰበራለች። እኔ ብሆን ፓዮኒሩን እይዝለታለሁ። ማንጎውንም አያቅተውም።

ለራስሽ ስትገዢ ሕጉን አስቢ። እንግሊዝ ውስጥ ያለ በቂ ምክንያት ይዘሽው ልትወጪ የምትችዪው ስለቱ ከ3 ኢንች (7.62 ሴንቲ ሜትር) ያልበለጠና የማይቆለፍ ታጣፊ ሰንጢ ነው። ኦፒኔል ቁጥር 8 በርዝመቱም በቀለበቱም አያልፍም፤ ከኩሽና አይውጣ። ፓዮኒሩ ግን አጭርም ነው፣ አይቆለፍምም። ቢሆንም ትምህርት ቤት ወይም ፍርድ ቤት ይዘሽው እንዳትገቢ።

ድሬ ያለሁት፦
ከሱ ጋር እስማማለሁ። ግን ሰንጢውን ብቻ ይዘሽ እንዳትመጪ። እዚህ ሞረድ ያለው ሁሉ «ና ልሳልልህ» ይላል፣ በሞረድ ደግሞ ስለቱን በልቶ ይጨርሰዋል። ትንሽ የመሳያ ድንጋይ ጨምሪበት። ቦሌ ላይ ወደ ድሬ ስትሳፈሪም እጅ ቦርሳሽ ውስጥ እንዳይቀር። ከለንደን ስትነሺ በትልቁ ሻንጣ ያስገባሽውን ለስጦታ ብለሽ መሀል ላይ አታውጪው፤ ፍተሻ ላይ ይቀማሻል።

የለንደኗ፦
በቃ ለሁለታችንም ፓዮኒር አዘዝኩ። ሲያደርሱት ከ18 ዓመት በላይ መሆኔን በመታወቂያ ያያሉ አሉኝ። ድንጋዩ ስንት ቁጥር ይሁን?

ድሬ ያለሁት፦
ሁለት ገጽ ያለውን ውሰጂ፣ በአንዱ 400 በሌላው 1000 የሚለውን። ሻካራው ባለ 400 ስለቱ ሲሞት ነው፤ ለአዘቦቱ ባለ 1000ው ይበቃል። በውሃ የሚሠራውን ምረጪ፣ ዘይት ሻንጣሽ ውስጥ እንዳይፈስብሽ።