«ማንም አልረዳኝም» የተባለው ነገር፦ የየካ አባዶ ነዋሪዎች ክርክር

የብሎኩ ጸሐፊ፦
ባለፈው እሑድ የውኃ ፓምፑን ለማስጠገን ስለሚሰበሰበው መዋጮ ልንነጋገር በተሰበሰብንበት ጊዜ፣ ከቨርጂኒያ ለዕረፍት የመጡት የጎረቤታችን ወንድም የመናገር ዕድል ተሰጥቷቸው ነበር። «ባዶ እጄን ሄጄ ዛሬ የሁለት ከባድ መኪናዎች ባለቤት ሆኛለሁ፤ ማንም አልረዳኝም። እናንተ ወደ ኋላ የቀራችሁት መንግሥትን ስለምትጠብቁና ለራሳችሁ ሕይወት ኃላፊነት ስለማትወስዱ ነው። ገበያው ነፃ በሆነበት አገር ሰው የልፋቱን ያገኛል፣ ኑሮውንም ያጣጥማል» አሉን። ግማሹ ሰው አጨበጨበ። እኔ ግን ንግግሩ እስከ ዛሬ አልተዋጠልኝም። ከስብሰባው ወጥቼ ወደ ቤቴ ስገባ፣ አራተኛ ፎቅ የምትኖረው ጎረቤታችን የጀሪካኑ እጀታ መዳፏን እንዳይቆርጣት ነጠላዋን ጠቅልላበት፣ በየመታጠፊያው እያሳረፈች ደረጃውን ስትወጣ አገኘኋት። ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥታ ከታች ካለው ቧንቧ ውኃ የምትቀዳ፣ ሲነጋ ልጆቿን ትምህርት ቤት አድርሳ ሥራ የምትገባ ሴት ኃላፊነት የማይሰማት ከሆነች፣ የሚሰማው ሰው ማን እንደሆነ አስረዱኝ።

ባለሱቁ፦
ጸሐፊያችንን አከብራቸዋለሁ፤ ይሁን እንጂ መልስ የሚሰጡት እንግዳው ላላሉት ነገር ነው። ሰውየው ድሃ ሰነፍ ነው አላሉም፤ መንግሥትን እየጠበቁ መኖር ሰውን ይጎዳዋል ነው ያሉት። ይህን ንግድ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በ2003 ዓ.ም. በመሠረታዊ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ በተጣለ ጊዜ ዕቃው ከመደርደሪያ ጠፍቶ ሰዉ ሲንከራተት ከረመ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም መንግሥት ራሱ አብዛኛውን ተመን አነሣው። እኔ የምድር ቤቱን ሱቅ የገዛሁት በጨረታ ተወዳድሬ ነው እንጂ ዕጣ ወጥቶልኝ አይደለም። ስለዚህ «ሰው የልፋቱን ያገኛል» የሚለው ንግግር እኔን አያስቆጣኝም፤ ያበረታታኛል።

ከአሌክሳንድሪያ፦
እኔም ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፤ ለብዙ ዓመታትም ከባድ መኪና ነድቻለሁ። የወንድማችንን ልፋት ማንም ሊያሳንሰው አይገባም፤ ክረምት በበረዶ ሌሊቱን ሙሉ መንዳት ምን ማለት እንደሆነ የነዳ ያውቀዋል። «ማንም አልረዳኝም» የሚለውን ግን ልቀበለው አልችልም። እርሳቸው በየትኛው መንገድ እንደሄዱ ባላውቅም፣ ከእኛ ብዙዎቻችን የሄድንበት ዲቪ እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣ ሕግ የተቋቋመ የመንግሥት ዕጣ ነው። የምንነዳበት አውራ ጎዳና እ.ኤ.አ. በ1956 በወጣው ሕግ መሠረት 90 በመቶው ወጪ በፌዴራል መንግሥት ተሸፍኖ የተሠራ ነው። ቤት የምንገዛበት፣ ወለዱ ለ30 ዓመት የማይለወጠው ብድር ሊኖር የቻለው እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ መንግሥት ያቋቋማቸው ተቋማት ለአበዳሪው ዋስትና ስለሚሰጡና ብድሩን ስለሚገዙት ነው። ልጆቻችንን በየማለዳው በቢጫ አውቶቡስ የሚወስዳቸው ትምህርት ቤት በግብር የሚተዳደር ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ታላላቆቹ ባንኮች ሊወድቁ በደረሱ ጊዜም ምክር ቤቱ እስከ 700 ቢሊዮን ዶላር ፈቅዶላቸዋል፤ ያን ጊዜ ባንኮቹን «ለራሳችሁ ኃላፊነት ውሰዱ» ብሎ የተዋቸው አልነበረም።

ባለሱቁ፦
ወንድሜ፣ መንገዱን ጠቅሰው በመንገዱ ላይ የሆነውን ለምን ይተዉታል? እ.ኤ.አ. እስከ 1980 ድረስ በአሜሪካ ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት ጭነት ለማመላለስ የሚፈልግ አዲስ ሰው አገልግሎቱ እንደሚያስፈልግ ለመንግሥት ማስረዳት ነበረበት፤ ነባሮቹ ኩባንያዎችም እየተቃወሙ ያስቀሩት ነበር። በጂሚ ካርተር ጊዜ ያ ሕግ ከላላ በኋላ ነው አንድ መኪና ያለው ስደተኛ በቀላሉ ሊገባበት የቻለው። እንግዳችንን ባለ ሁለት መኪና ያደረጋቸው መንግሥት በሩን መልቀቁ ነው። እኔም የምለው እዚህም በሩን ይልቀቅልን ነው።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆቼ፣ ሁለታችሁም እውነት ይዛችኋል፤ ነገር ግን ነገሩን ከእኛ አገር ጋር ካላገናኘነው ትርፉ ድካም ነው። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ጎልማሳ ነበርኩ። አነስተኛ ኪራይ የሚከፍለው ሰው ኪራዩ ስለተቀነሰለት ተደሰተ፤ እኔም ተደስቼ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የቀበሌ ቤት ጣሪያ ሲያፈስ የሚጠግነው ባለቤት ጠፋ፤ ለማከራየት ብሎ ቤት የሚሠራ ሰውም ጠፋ። በዚህ ረገድ ባለሱቁ ልክ ናቸው። ዛሬም ቢሆን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ከ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ወዲህ ደግሞ የከተማ ቦታ የሚገኘው በጨረታ ወይም በምደባ ነው። አንድ ደመወዝተኛ በጨረታ ከባለ ሀብት ጋር ተወዳድሮ ቦታ አይገዛም፤ ስለዚህ የቀረው ምርጫ ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ፣ እየቆጠበ ዕጣ መጠበቅ ነበር፤ በ1997 ዓ.ም. የተመዘገበ ሰው ልጆቹን አሳድጎ ድሮ እስኪጨርስ ጠብቋል። ይህን ሰው «መንግሥትን ጠበቅህ» ብሎ መውቀስ ግፍ ነው፤ ሌላ የሚጠብቀው ነገር አልተተወለትም። ኃላፊነት የሚጠየቀው ምርጫ የተሰጠው ሰው ነው፤ ለእኔ ዋናው ነገር ይህ ነው።

የታክሲ ሹፌሩ፦
ጋሼ፣ ስለ ምርጫ ያሉትን እስማማለሁ፤ ነገር ግን ከሁላችሁም ንግግር ውስጥ ሌላ ነገር ይሰማኛል። እንግዳው በስልካቸው የመርከብ ሽርሽራቸውንና ግቢያቸውን ስላሳዩን ነው የተቆጣነው። ሰው ሠርቶ ቢደሰት ነውሩ ምንድን ነው? እኔ 27 ዓመቴ ነው፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሬ ከካራ መገናኛ ስመላለስ የምውለው እንደዚያ ለመኖር ነው፤ ይህን ለመናገርም አላፍርም። ይልቅ እኔን የከነከነኝ «ሰው የልፋቱን ያገኛል» ያሉት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የባንክ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የእርሳቸው ዶላር አንድ ኪሎ ሜትር ሳይነዱበት ዋጋው ጨመረ፤ የእኔ መለዋወጫ ደግሞ እኔ ያጠፋሁት ነገር ሳይኖር ተወደደብኝ። እርሳቸው ያገኙት የልፋታቸውን ነው ከተባለ፣ እኔ ያጣሁት የምን ጥፋቴን ነው?

ባለሱቁ፦
ልጄ፣ መለዋወጫው ከዚያ በፊትም በ57 ብር ዶላር ተገዝቶ አልደረሰህም። በዚያ ዋጋ ዶላር የሚያገኘው ባንክ ውስጥ ሰው ያለው ነበር፤ የቀረነው አስመጪው በጥቁር ገበያ በገዛበት ሒሳብ ስንከፍል ኖረናል። የዋጋው ለውጥ የታየው አሁን ነው እንጂ የተከፈለው ድሮም ነው።

የታክሲ ሹፌሩ፦
ይህን እርስዎ አስልተው ይሉታል፤ እኔ ግን የፍሬን ሸራ ስገዛ የከፈልኩትን አውቃለሁ። በአንድ ጊዜ ነው የጨመረው።

ከቤይሩት የተመለስኩ፦
ውጭ አገር ሲባል ሁላችሁም የምታወሩት ስለ አሜሪካ ብቻ መሆኑ ያሳዝነኛል። ከዚህ ሰፈር ወደ ቤይሩት፣ ወደ ጅዳ፣ ወደ ኩዌት የሄድነው ሴቶች ኃላፊነት ስላልወሰድን ነው ኑሮን ያላጣጣምነው? የዚህን ቤት 20 በመቶ ቅድመ ክፍያ የከፈልኩት እኔ ነኝ። በከፋላ ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃድሽ በአሠሪሽ እጅ ነው፤ ከቤቱ ከወጣሽ ሕገ ወጥ ትሆኛለሽ። የእኔ አሠሪ ፓስፖርቴን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፋበት ነበር። የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 አሠሪዎች እኅቶቻችንን ደመወዛቸውን ሳይከፍሉ በመኪና እያመጡ የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ላይ አውርደዋቸው ሄዱ፤ ሻንጣቸውን ተንተርሰው አስፋልት ላይ አደሩ። እነዚህ ልጆች የለፉት ልፋት ከከባድ መኪና ሹፌር አያንስም። እንግዳው አሠሪያቸውን ትተው ሌላ መያዝ፣ ከዚያም የራሳቸውን መኪና መግዛት የቻሉት የሚኖሩበት ሕግ ስለፈቀደላቸው ነው። እኔ አሠሪዬን መቀየር ብችል ኖሮ ዛሬ ሌላ ሰው በሆንኩ ነበር።

ከአሌክሳንድሪያ፦
እህቴ፣ እኔ በረዥሙ ለማስረዳት የሞከርኩትን እርስዎ ጨረሱት። ባለሱቁ ለዚህ መልስ አላቸውን?

ባለሱቁ፦
አለኝ። እህታችን የገለጹት ገበያ አይደለም፤ ሠራተኛ አሠሪዋን መምረጥ የማትችልበት ሥርዓት የነፃ ገበያ ተቃራኒ ነው። እኔ ከእርሳቸው ጋር ነኝ። ከጸሐፊያችን ጋር ግን አይደለሁም፤ ምክንያቱም እንግዳውን «እርዳታ አግኝተው ሳለ ረድተውኛል አላሉም» ብሎ የሚወቅስ ሰው የራሱን ማስቀደም አለበት። እርስዎ ቤትዎን ያገኙት ለመንግሥት ሠራተኞች ተለይቶ ከተያዘው 20 በመቶ ውስጥ ነው፤ ይህንንም ብሎኩ በሙሉ ያውቃል።

የብሎኩ ጸሐፊ፦
ትክክል ነው፤ ከዚያው ውስጥ ነው፤ ደብቄውም አላውቅም። ስለዚህም ነው ዕጣ ያልወጣለትን ተከራይ ኃላፊነት የጎደለህ ነህ የማልለው። እንግዳውም ይህንኑ ያህል ቢናገሩ ኖሮ እኔም ከአጨብጫቢዎቹ ጋር አጨበጭብ ነበር።

ጡረተኛው መምህር፦
ስለ ተከራይ ከተነሣ፣ በ2016 የወጣው የኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ውሉ ከ2 ዓመት እንዳያንስና አከራዩ እንደ ልቡ እንዳይጨምር አድርጓል። ባለሱቁ ይህንንም በሩን ይልቀቅ ሊሉ ነውን?

ባለሱቁ፦
አዎን፣ እላለሁ። እርስዎ ራስዎ በ1967 ኪራይ ሲቀነስ የሆነውን ነግረውን ነበር፤ የሚያፈስ ጣሪያና የጠፋ ሠሪ። ዛሬ ተከራይን የሚያስጨንቀው የቤት እጥረት ነው፤ እጥረት ደግሞ በአዋጅ አይሞላም።

ከቤይሩት የተመለስኩ፦
እኔ ሁለት ክፍሌን አከራይቼ ነው የባንኩን 80 በመቶ የምከፍለው። ሆኖም ተከራዬ ልጅ ታቅፋ በየስድስት ወሩ ቤት ስትፈልግ አይቻታለሁና አዋጁን እደግፋለሁ። አከራይ ሆኜ የምለው ይህንን ነው፤ ባለሱቁ ደግሞ ተከራይ የላቸውም።