ክርክር፦ በግድግዳው ላይ የሚሣለው አሸናፊው ነው ወይስ ጎማውን የሰጠው?

አስተባባሪ፦ በባሕር ዳር መንገድ ዳር ባለ ግድግዳ ላይ የብስክሌት ውድድር ሥዕል እንዲሣል ሁለት ንድፎች ቀርበዋል። አንዱ አሸናፊው ብቻውን መስመሩን ሲያልፍ፣ ሌላው ደግሞ አንድ ተወዳዳሪ ጎማው ለተነፈሰበት የቡድን መሪ የራሱን ፈትቶ ሲሰጥ ያሳያል። የትኛው ይሣል?

የሥዕል መምህር፣ ደብረ ማርቆስ፦ ሁለተኛውን እደግፋለሁ። ብስክሌት ከሩቅ ለሚያየው የአንድ ሰው ውድድር ይመስላል፤ ነገር ግን ነፋሱን ከፊት የሚቀበሉለት ጓደኞቹ ባይኖሩ መሪው እስከ መጨረሻው ዳገት ጉልበት አይተርፈውም። እ.ኤ.አ. በ1934 በፈረንሳይ በሚካሄደው ታላቅ የብስክሌት ውድድር፣ በቱር ደ ፍራንስ፣ የ20 ዓመቱ ሬኔ ቪየቶ የፊት ጎማውን ፈትቶ ለመሪው ለአንቶናን ማኝ ሰጠ፤ በማግስቱም ማኝ እንደገና ሲቸገር ቀድሞት ከሄደበት ተመልሶ ብስክሌቱን አስረከበው። ማኝ አሸነፈ፤ ቪየቶ 5ኛ ወጣ። ሊሣል የሚገባው ይህ ነው።

አሠልጣኝ፣ ባሕር ዳር፦ መምህር ያነሡትን አከብራለሁ፤ ሆኖም በባጃጅ የሚያልፍ መንገደኛ ሥዕሉን በአንድ እይታ ሊረዳው ይገባል። ሠዓሊዎቹ ሜዛንዤ እ.ኤ.አ. በ1912፣ ቦቾኒም በ1913 ሸራቸውን የሞሉት በአንድ ብስክሌተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይም ለልጆቻችን አርአያ የሚሆነው በራሱ ስምና ፊት ነው።

ብስክሌት ጠጋኝ፣ ባሕር ዳር፦ ጎማ ሲተነፍስ ምን እንደሚሆን በዚህ ከተማ የማያውቅ ማን አለ? ከመነዳሪ ሲጠግን ማስቲሽ ጣቱ ላይ የደረቀበት ልጅ አስረጂ አይፈልግም። ደግሞም መረዳዳት ሁልጊዜ የተፈቀደ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1913 በዚያው በቱር ደ ፍራንስ ተወዳዳሪው ኦይዤን ክሪስቶፍ በቱርማሌ ተራራ ቁልቁለት የብስክሌቱ የፊት ሹካ ተሰበረበት፤ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ በእግሩ ተጉዞ በቀጥቃጭ ቤት ራሱ ሲጠግነው፣ አንድ ልጅ ወናፍ ስለነፋለት ብቻ ተቀጣ። ዛሬ ግን ከየትኛውም ቡድን ያልሆነ መኪና ተወዳዳሪዎቹን ይከተላል፤ ሜካኒኩ ጎማ ቀይሮ፣ ኮርቻውን ይዞ እየገፋ ያስነሣቸዋል። ያ ሰው በሥዕል ሲከበር ማየት እፈልጋለሁ።

የሥዕል መምህር፦ የአሠልጣኙ ስጋት መልስ አለው። በጣና ዙሪያ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሎች ቅዱሳኑ ፊት ለፊት በሁለት ዐይን፣ ክፉዎቹ ደግሞ ከጎን በአንድ ዐይን ይሣላሉ። ጎማ የሚሰጠው ጎንበስ ብሎ ፊቱ ከተሸሸገ ተመልካች እንደ አሽከር ያየዋል፤ ስለዚህ ሁለቱም በሙሉ ፊት፣ በእኩል ቁመት ይሣሉ።

አሠልጣኝ፦ እንደዚያ ከሆነ ሁለተኛውን ንድፍ አልቃወምም። ነገር ግን ያ መሪ በኋላ ማሸነፉ በሥዕሉ አንድ ጥግ ካልታየ ድምፄን አልሰጥም።