«ሪማይንድ» እና «ሪመምበር» የሚለያዩት በምንድን ነው?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። በእንግሊዝኛ ኢሜይል ስጽፍ «ስለ ስብሰባው አስታውሰኝ» ለማለት ከሁለቱ ቃላት የትኛውን ልጠቀም? «ሌንድ» እና «ባሮው»ንም የሚያብራራልኝ ባገኝ ደስ ይለኛል።

የመጀመሪያ ምላሽ፦
ግራ መጋባቱ የሚመነጨው ከአማርኛችን ነው። «አስታወሰ» የሚለው ግሥ ለራስ ትዝ ማለትንም ሆነ ሌላውን ማሳሰብን ስለሚገልጽ፣ «አስታወስኩት» ሲባል የትኛው እንደሆነ የምንለየው ከዐውዱ ነው። እንግሊዝኛ ግን ሥራውን ለሁለት ግሦች አከፋፍሏል፤ ለራስ ትዝ ሲል «ሪመምበር»፣ ሌላውን ማሳሰብ ሲሆን «ሪማይንድ» ይባላል። ስለዚህ የእርስዎ ዓረፍተ ነገር «ፕሊስ ሪማይንድ ሚ አባውት ዘ ሚቲንግ» ይሆናል። ከ«ሪማይንድ» ቀጥሎ የሚያሳስቡት ሰው መጠቀስ እንዳለበት ልብ ይበሉ።

ሁለተኛ ምላሽ፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ። ሆኖም «ሪመምበር ሚ ቱ ዩር ማዘር» የሚል ካጋጠመዎት ስሕተት እንዳይመስልዎት፤ ቆየት ያለ አነጋገር ሲሆን «እናትህን ሰላም በልልኝ» እንደማለት ነው።

ሦስተኛ ምላሽ፦
«ሌንድ» የአዋሹ፣ «ባሮው» የተዋሹ ድርጊት ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰማው «ካን ዩ ባሮው ሚ ዩር ፔን» ትክክል አይደለም፤ «ካን ዩ ሌንድ ሚ ዩር ፔን» ወይም «ካን አይ ባሮው ዩር ፔን» ማለት ይገባል። ከማን እንደተዋሱ ሲገልጹም «ፍሮም» ይከተላል።