ኤምአርአይ ላይ የቱቡሊን ጂን ችግር መሆኑ በምን ይታወቃል?

ገና ተማሪ፦
ሰላም ቤቶች፣ ራዲዮሎጂ ሬዚደንት ነኝ። የ10 ወር ልጅ ኤምአርአይ አይቼ ፓኪጂሪያ (የአንጎሉ እጥፋቶች ጥቂትና ወፍራም የሆኑበት) ብዬ ጻፍኩና ለሲኒየሬ አሳየሁት፣ እሱ ደግሞ ገረፍ አርጎ አየውና "መሀሉንስ አይተኸዋል?" ብሎኝ ሄደ። በኋላ የጂን ምርመራው ቱባ1ኤ (የቱቡሊን ፕሮቲን ጂን) ሆኖ መጣ። ከምስሉ ብቻ እንዴት ነው የሚጠረጠረው? ለኔ እኮ ሁሉም ለስላሳ አንጎል (እጥፋቱ ያነሰ ወይ የሌለው) አንድ ነው የሚመስለኝ 😅

ነጭ ጋውን፦
ሲኒየርህ ልክ ነው፣ ኮርቴክሱን (የአንጎሉን ውጫዊ ግራጫ ሽፋን) ለጊዜው ተወውና ባዛል ጋንግሊያው (ውስጥ ያሉት ግራጫ ክፍሎች) ላይ ቁም። የሱ ክፍሎች የሆኑትን ኮዴትና ፑታመንን የሚለያቸው ኢንተርናል ካፕሱል (የነርቭ መስመሮች ጥቅል) ነው አይደል? ቱቡሊን ሲበላሽ የፊተኛው ክፍሉ ይጠፋል ወይ ይቆራረጣል፣ ሁለቱ ተጣብቀው አንድ ድቡልቡል ነገር ይሆናሉ፣ የቬንትሪክሉ (አንጎል ውስጥ ያለው የፈሳሽ ክፍተት) የፊት ቀንድም እንደ መንጠቆ ዞር ይላል። ከዛ ቀጥሎ ሁለቱን የአንጎል ግማሾች የሚያገናኘውን ኮርፐስ ካሎሰም እይ (ቀጭን ወይ ጭራሽ የለም)፣ ብሬንስቴሙ (የአንጎል ግንዱ) ግራና ቀኙ እኩል ላይሆን ይችላል፣ የሴሬቤለሙ (የኋላኛው ትንሹ አንጎል) መሀል ክፍል፣ ቨርሚስም ያንሳል። ከቱቡሊን የሚሠራው ማይክሮቱቡል ማለት ኒውሮኑ (የነርቭ ሴሉ) የሚጓዝበት ብቻ ሳይሆን አክሶኑም (ረጅም ክሩም) የሚዘረጋበት ስለሆነ ጉዞውም ሽቦውም አብሮ ነው የሚበላሸው።

ሌሊት ተረኛ፦
እሱ ላይ ልጨምር፣ የትኛው ጎን እንደባሰም እይ። ለስላሳ አንጎል ከሚያመጡት ሌሎች ጂኖች ሊስ1 ከኋላ ይብሳል፣ ዲሲኤክስ ከፊት። ዲሲኤክስ ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ስለሆነ ወንዱ ለስላሳ አንጎል ሲኖረው ሴቷ ላይ ብዙ ጊዜ ከኮርቴክሱ ስር ሌላ የግራጫ ቀበቶ ነው የምታየው፣ ስለዚህ ወንድ ልጅ ላይ ከተገኘ የእናትየውንም ኤምአርአይ ማየት አይከፋም። ፊላሚን ኤ የሚባለው ጂን ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው፣ ቬንትሪክሉ ዳር ላይ እንደ ዶቃ የተደረደሩ ኖድዩሎች (ትንንሽ የግራጫ እብጠቶች)።

ሃና ኤም፦
እኔ የማዝነው ያለ ቀጭን ስላይስ (የምስል ቁራጭ) ለሚያነቡ ነው፣ በ5 ሚሊሜትር ያ መንጠቆ ሊያመልጥ ይችላል፣ 1 ሚሊሜትር 3ዲ ቲ1 (አንዱ የኤምአርአይ ምስል ዓይነት) ጠይቁ በናታችሁ። 10 ወር ላይ ደግሞ ማየሊኑ (የነርቭ ክሮቹ ሽፋን) ገና ስላልጨረሰ የኮርቴክሱ ድንበር ያታልላል፣ ከ2 ዓመት በኋላ ቢደገም ጥሩ ነው።

ገና ተማሪ፦
አሁን ተመልሼ ከፈትኩት። መንጠቆው አፍጥጦ እያየኝ ነው፣ በግራ በኩል እንደውም ይብሳል። ሪፖርቴ ላይ ግን ምን ብዬ ጽፌያለሁ? "ቬንትሪክል፦ ኖርማል" 🤦🏾‍♂️