የከባድ መኪና የሞተር ዘይት መቼ ይቀየር? አንድ ዓይነት ሞተር፣ ሁለት ዓይነት ሥራ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። በእኔ ኃላፊነት ሥር ሁለት ከባድ መኪኖች አሉ፤ የሞተራቸው ዓይነትም ሆነ የሚጠቀሙት ዘይት አንድ ነው። አንደኛው ተሳቢ እየጎተተ በአስፋልት ረጅም መንገድ የሚመላለስ ሲሆን፣ ሁለተኛው ገልባጭ ስለሆነ ከድንጋይ መፍጫ እስከ ግንባታ ቦታ ባለው አጭርና አቧራማ መንገድ ላይ ይውላል፤ ለመጫንና ለማራገፍ ተራ ሲጠብቅም ሞተሩ ሳይጠፋ ረጅም ሰዓት ይቆማል። እስካሁን የሁለቱንም ዘይት በየ15,000 ኪሎ ሜትሩ ስናስቀይር ቆይተናል። ዘይት የሚያቀርቡልን ሰዎች ይህ ለተሳቢው ሳያስፈልግ የሚወጣ ወጪ ነው፣ እስከ 30,000 ኪሎ ሜትር ሊሄድ ይችላል ይላሉ፤ የገልባጩ ሾፌር ደግሞ ዘይቱ በተቀየረ በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለሚጠቁር ጊዜው ይጠርልን እያለ ነው። የአምራቹ መመሪያ ቀላል፣ መካከለኛና ከባድ አገልግሎት ብሎ ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ያስቀምጣል፤ የእኛ ሥራ ከየትኛው እንደሚመደብ ግን ከንባቡ ብቻ ለመለየት አልቻልኩም። በምን መለኪያ ብወስን ይሻላል?

መልስ 1፦ የናፍጣ ሞተር መካኒክ

ኪሎ ሜትር ጎማው የተጓዘውን እንጂ ሞተሩ የሠራውን አይነግርዎትም፤ ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመው የሁለቱንም መኪኖች ኪሎ ሜትር ወደ ሞተር ሰዓት ይመልሱት። ተሳቢው መቆሚያውን ሁሉ ጨምሮ በአማካይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ከሆነ፣ 15,000 ኪሎ ሜትር ማለት 250 የሞተር ሰዓት ነው። ገልባጩ ግን ወረፋ የሚጠብቅበት ጊዜ ተደምሮ አማካይ ፍጥነቱ 18 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ ለዚያው 15,000 ኪሎ ሜትር ከ830 ሰዓት በላይ ይሠራል። አቅራቢዎቹና ሾፌሩ ተቃራኒ ነገር እየተናገሩ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው። የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ያላቸው አብዛኞቹ ሞተሮች ጠቅላላ የሥራ ሰዓትንና የተቃጠለውን ነዳጅ ስለሚመዘግቡ፣ ቁጥሩን ከዳሽቦርዱ ወይም በመመርመሪያ መሣሪያ ማንበብ ይቻላል።

እኔ በበኩሌ ከሰዓትም ይልቅ የተቃጠለውን ናፍጣ እመርጣለሁ። ወደ ዘይቱ የሚገባው ጥቀርሻም ሆነ አሲድ የሚመነጨው ከቃጠሎው ነውና፣ ብዙ ነዳጅ ያቃጠለ ሞተር ዘይቱንም ያንኑ ያህል አድክሞታል። በ100 ኪሎ ሜትር 35 ሊትር የሚፈጅ ተሳቢ 7,000 ሊትር ለማቃጠል 20,000 ኪሎ ሜትር መሄድ አለበት። በሰዓት በአማካይ 10 ሊትር የሚፈጅ ገልባጭ ደግሞ ያንኑ ነዳጅ በ700 ሰዓት ይጨርሳል፤ ይህም ከላይ በገመትነው ፍጥነት 12,600 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ቁጥሮቹ ለማሳያ የተወሰዱ ስለሆኑ የራስዎን የነዳጅ መዝገብ ይዘው ስሌቱን ይድገሙት።

መልስ 2፦ የጥገና ክፍል ኃላፊ

ከላይ የተሰጠው ስሌት ለተሳቢው ይስማማል፤ ገልባጩን ግን ከሚገባው በላይ ያዘገየዋል ብዬ እሰጋለሁ። ምክንያቱም ቆሞ የሚሠራ ሞተር የሚፈጀው ናፍጣ ጥቂት ቢሆንም በዘይቱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ጥቂት አይደለም። ያለ ጭነት ሲሠራ የሲሊንደሩ ሙቀት ይወርዳል፣ ቃጠሎው ሙሉ አይሆንም፣ ሳይቃጠል የቀረው ናፍጣም በፒስተኑ ፋሻ በኩል ወርዶ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀልና ያቀጥነዋል። ዘይቱ በደንብ ስለማይሞቅም የገባው እርጥበት ተንኖ ለመውጣት ዕድል አያገኝም። በሰዓት ብናሰላው፣ ተሳቢው 20,000 ኪሎ ሜትር የሚሄድበት 333 ሰዓት ለገልባጩ 6,000 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ በነዳጅ ስሌት ከተገኘው 12,600 ጋር ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም። እኔ ብሆን ለገልባጩ ሁለቱንም ገደብ አስቀምጬ ቀድሞ በደረሰው አስቀይራለሁ። መመሪያው ስለሚለው ምድብም ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም፤ አቧራ፣ ከባድ ጭነትና ረጅም የቆመ ሥራ የተደራረቡበት መኪና በየትኛውም አምራች ዘንድ ከባድ አገልግሎት ውስጥ ይገባል።

አቧራውን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ዘይት ቶሎ ቶሎ መቀየር የተበላሸ የአየር ፊልትሮን ወይም የላላ የአየር ቱቦን አይተካም። አቧራ በዚያ በኩል እየገባ ከሆነ አዲሱ ዘይት ከተሞላበት ሰዓት ጀምሮ ፋሻና ሲሊንደር ይበላል። የአየር ፊልትሮን ያለ ምክንያት በየጊዜው እየፈቱ ማራገፍም አቧራ ከሚያስገቡ መንገዶች አንዱ ነው፤ የመታፈን ጠቋሚው ሳያመለክት ባይነካ ይመረጣል።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የገልባጩን የሥራ ሰዓት ዛሬውኑ አስነብባለሁ። ሾፌሩ ያነሳው የመጥቆር ጉዳይ ግን እንዴት ይታያል? ደግሞም ዘይት በላቦራቶሪ ማስመርመር ለሁለት መኪና የሚያስኬድ ነው ወይስ የትልልቅ ድርጅቶች ሥራ ነው?

መልስ 3፦ የዘይት ምርመራ ባለሙያ

የናፍጣ ሞተር ዘይት መጥቆሩ ብቻውን መበላሸቱን አያሳይም። በዘይቱ ውስጥ ያሉት በታኝ ኬሚካሎች ጥቀርሻውን አድቅቀው በዘይቱ ውስጥ እንዲንሳፈፍና ከብረቱ ላይ እንዳይለጠፍ ያደርጋሉ፤ ስለዚህ ጥቁር ዘይት ብዙ ጊዜ ሥራውን እየሠራ ያለ ዘይት ነው። አሳሳቢ የሚሆነው ጥቀርሻው በዝቶ በታኙ ኬሚካል ሲያልቅ ነው፤ ያን ጊዜ ዘይቱ ይወፍራል፣ ቅንጣቶቹ እየተጠራቀሙ ፊልትሮውን ይደፍናሉ። ይህን በዓይን ወይም በጣት መለየት አይቻልም። ከዘይት መለኪያው ላይ በዓይን ሊታዩ የሚችሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ሳይጨመርበት ከፍ የሚል የዘይት መጠን፣ ይህም ናፍጣ ወይም ውሃ መግባቱን ያመለክታል፤ እንዲሁም ወደ ወተትነት የሚያደላ መልክ፣ ይህም ውሃ መኖሩን ያሳያል። ከሁለቱ አንዱ ከታየ መኪናው ሳይመረመር ወደ ሥራ መመለስ የለበትም።

ምርመራው ለሁለት መኪናም ያስኬዳል፣ በተለይ ተሳቢውን ወደ 30,000 ለማድረስ የምታስቡ ከሆነ ያለ እሱ ባትጀምሩት ይሻላል። ውጤቱ ሲመጣ በመጀመሪያ የሚታየው ውፍረቱ ነው፤ 15ደብሊው-40 የሚባለው የውፍረት ደረጃ ያለው አዲስ ዘይት በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ12.5 እስከ 16.3 ሴንቲስቶክስ (የዘይት ውፍረት መለኪያ) መካከል ይሆናል፣ ከዚህ በታች ከወረደ ብዙ ጊዜ ናፍጣ ገብቶበታል ማለት ነው። ቀጥሎ ቲቢኤን የሚባለው፣ ማለትም ዘይቱ አሲድን ለማርከስ የቀረው አቅም ይታያል፤ ከአዲሱ ዘይት ግማሽ ሲደርስ መቀየሪያው ቀርቧል ተብሎ በብዙዎች ዘንድ ይወሰዳል። በናፍጣው ውስጥ ያለው ሰልፈር ከፍተኛ በሆነበት ቦታ ይህ ቁጥር በፍጥነት ስለሚወርድ፣ ንጹሕ ናፍጣን ታሳቢ በማድረግ የተጻፈ የ30,000 ወይም የ40,000 ኪሎ ሜትር ገደብ እንዳለ ሊወሰድ አይገባም። ብዙ አምራቾችም ለዚህ ሁኔታ ገደቡን የሚያሳጥር ሠንጠረዥ በመመሪያቸው ውስጥ ያስቀምጣሉ።

የብረታ ብረቱን መጠን ስታነቡ አንድ ውጤት ብቻ ይዛችሁ አትፍረዱ። ብረት ከሲሊንደር፣ መዳብና እርሳስ ከብሮንዚና (የሞተሩ ዘንግ ከሚሽከረከርበት ተሸካሚ) ሊመጡ ይችላሉ፤ ሲሊከንና አሉሚኒየም አብረው ከጨመሩ አቧራ፣ ሶዲየም ወይም ፖታሲየም ከጨመረ ደግሞ የራዲያተር ውሃ መግባቱ ይጠረጠራል። ዋናው ነገር መጠኑን ለሠራበት ሰዓት አካፍሎ ካለፈው ናሙና ጋር ማወዳደር ነው፤ ለምሳሌ በ250 ሰዓት የታየ 30 የብረት መጠንና በ500 ሰዓት የታየ 60 ተመሳሳይ የመበላት ፍጥነት ያመለክታሉ። ናሙናውም ሞተሩ እንደሞቀ፣ ዘይቱ መፍሰስ ከጀመረ ጥቂት ቆይቶ ከመሃሉ በንጹሕና በደረቅ ዕቃ መወሰድ አለበት፤ መጀመሪያ የሚወርደው ከሥር የዘቀጠውን ይዞ ስለሚመጣ ያሳስታል። በመሃል የተጨመረ ዘይት ካለም መጠኑ ይጻፍ፤ አዲስ ዘይት ሲጨመር ቲቢኤኑን ከፍ፣ የብረቱን መጠን ዝቅ አድርጎ ያሳያል።

መልስ 4፦ የናፍጣ ሞተር መካኒክ

ስለ ቆሞ መሥራት የተነሳውን ተቃውሞ እቀበላለሁ፤ ለገልባጩ ሰዓት ይግዛው። ስለ ዘይቱ ደረጃ ግን እስካሁን ማንም አላነሳም። በጣሳው ላይ 15ደብሊው-40 መጻፉ ውፍረቱን ብቻ የሚነግር ስለሆነ፣ በኤፒአይ (የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም) የጥራት ምደባ ሲአይ-4 የሆነው ዘይትና በ2016 መጨረሻ የወጣው ሲኬ-4 ሁለቱም ይህን ጽሑፍ ሊይዙ ይችላሉ። ገደብ ለማራዘም የሚታሰበው አምራቹ ለሞተሩ በስም ያጸደቀው ደረጃ ሲሆን ብቻ ነው። መኪናው የጭስ ማጣሪያ ያለው ከሆነ ደግሞ ሲቃጠል ብዙ አመድ የሚተው ዘይት ማጣሪያውን ቀስ በቀስ ስለሚደፍነው፣ ቲቢኤኑ ከፍ ይላል በሚል ብቻ ሌላ ዘይት መምረጥ ተገቢ አይሆንም።

ጠያቂው

በተባለው መሠረት እንዲህ ለማድረግ ወስኛለሁ። ገልባጩ ከእንግዲህ በየ250 ሰዓቱ ይቀየርለታል፣ በየቅያሪውም ናሙና ይላካል። ተሳቢው በ15,000 ኪሎ ሜትር ይቆይና በዚያው ናሙና ይወሰድለታል፤ ተከታታይ ውጤቶች ጥሩ ከሆኑ ወደ 20,000 ከፍ አድርገን እንደገና እናያለን። ፊልትሮው ከዘይቱ ጋር ሁልጊዜ ይቀየራል። በዚህ ላይ የምትቃወሙት ነገር አለ?

መልስ 5፦ የጥገና ክፍል ኃላፊ

የለኝም፣ ሁለት ነገር ብቻ ላስታውስዎት። ተሳቢው ገና በዋስትና ላይ ከሆነ ገደቡን ከማራዘምዎ በፊት የአምራቹን ወኪል ፈቃድ በጽሑፍ ይያዙ፤ የላቦራቶሪ ውጤት ብቻውን የዋስትና ጥያቄን ላይከላከል ይችላል። ገልባጩ ሥራ አጥቶ ለወራት የሚቆምበት ጊዜ ካለ ደግሞ ሰዓቱ ባይሞላም በመመሪያው የተጻፈውን የጊዜ ገደብ ይከተሉ፤ ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት ነው።