በሴፍ ክላስተር ሰርቨሮች መካከል የሚያልፈውን መረጃ እንዴት ልመስጥር?

ጠያቂ፦
አምስት የማከማቻ ሰርቨሮችና ሦስት ሞኒተሮች (የክላስተሩን ሁኔታ የሚከታተሉ ፕሮግራሞች) ያሉት የሴፍ ክላስተር አስተዳድራለሁ፤ ሴፍ መረጃን በብዙ ሰርቨሮች ላይ አከፋፍሎ የሚያከማች ሶፍትዌር ነው። ዲስኮቹ በሙሉ የተመሰጠሩ ስለሆኑና ሴፍኤክስ የተባለው የማንነት ማረጋገጫም ስለሚሠራ፣ መረጃው በኔትወርክ ላይም የተጠበቀ ይመስለኝ ነበር። ትናንት ግን በሁለት ሰርቨሮች መካከል ያለውን ትራፊክ ቲሲፒደምፕ በተባለው የኔትወርክ መቅጃ ፕሮግራም ቀድቼ ስመለከተው፣ ለሙከራ ያስቀመጥኩት የጽሑፍ ፋይል ቃል በቃል ይነበባል። አገልግሎቱን ሳላቋርጥ ምን ላድርግ?

መልስ 1፦
ያዩት ነገር ብልሽት አይደለም። የዲስክ ምስጠራ የሚጠብቀው ዲስኩ ላይ ያረፈውን ብቻ ነው፤ መረጃው ወደ ኔትወርክ ሲወጣ ተፈትቶ ነው። ሴፍኤክስም የተገናኘው ማን እንደሆነ ያረጋግጣል እንጂ ይዘቱን አይሸፍንም። መፍትሔው በ2019 ናውቲለስ ከተባለው የሴፍ እትም ጋር የመጣው ሁለተኛው የመልእክት ፕሮቶኮል (የሴፍ ክፍሎች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ደንብ) ነው። ሁለት ሞዶች አሉት፤ ሲአርሲ በመንገድ ላይ የተበላሸ ቢት ይለያል እንጂ ምስጢር አይጠብቅም፣ ሴኪዩር ግን ሁሉንም ኤኢኤስ ጂሲኤም በተባለው የምስጠራ ዘዴ ይመሰጥራል። በክላስተር፣ በሰርቪስና በክላየንት ሞድ ቅንብሮች ላይ ከመነሻው ሲአርሲ ቀድሞ ሴኪዩር ተከትሎ ተጽፏል፤ ይህም የምርጫ ቅደም ተከተል በመሆኑ፣ ሁለቱም ወገኖች በሲአርሲ ከተስማሙ ምስጠራ አይጀመርም። ስለዚህ በሦስቱም ላይ ሴኪዩር ብቻ እንዲቀር ያድርጉ።

መልስ 2፦
ትክክል ነው፤ ሆኖም አንድ በር ክፍት ይቀራል፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋውም እሱን ይመስለኛል። የመጀመሪያው ፕሮቶኮል ምስጠራ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ሞኒተሮቹ በ3300 ብቻ ሳይሆን በ6789 ፖርትም ማዳመጣቸውን እስከቀጠሉ ድረስ፣ አሮጌ ክላየንት (ክላስተሩን የሚጠቀም ማሽን) በዚያ በኩል ገብቶ መረጃውን ሳይመሰጥር ሊያመላልስ ይችላል። በዋናው የሊኑክስ ከርነል የሁለተኛው ፕሮቶኮል ድጋፍ የገባው በ5.11 ስለሆነና ማውንት ሲደረግም ሴኪዩር ሞድ በግልጽ መጠየቅ ስላለበት፣ በ6789 የተገናኙትን ማሽኖች ሳይለዩና ሳያሻሽሉ አሮጌውን ፕሮቶኮል አይዝጉ፤ ከዘጉት ግንኙነታቸው ይቋረጣል።

መልስ 3፦
ለውጡ በሁሉም ግንኙነት ላይ መድረሱን ለማረጋገጥ ሰርቨሮቹን በየተራ ሪስታርት ያድርጉ። ከዚያ በፊት የኖአውት ምልክትን ያብሩ፤ ይህም ሰርቨሩ ለጊዜው ሲጠፋ ሴፍ ዲስኮቹን ከክላስተሩ እንዳያስወጣ ያደርጋል፤ ክላስተሩ ወደ ጤናማ ሁኔታ ሳይመለስም ወደሚቀጥለው ሰርቨር አይለፉ። ምስጠራ ፕሮሰሰሩን ያሠራዋልና የንባብና የጽሕፈት ፍጥነቱን ከለውጡ በፊትም በኋላም ይለኩ። የኤስ3 ጌትዌይ (ተጠቃሚዎች በኤችቲቲፒ ፋይል የሚያስቀምጡበትና የሚያወጡበት መግቢያ) ካለዎት ደግሞ የራሱ የቲኤልኤስ፣ ማለትም የድረ ገጽ ግንኙነት ምስጠራ፣ ሰርተፍኬት ያስፈልገዋል፤ እነዚህ ቅንብሮች ከተጠቃሚው እስከ ጌትዌዩ ያለውን መንገድ አይነኩትም።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በ6789 የተገናኙ ሁለት የባክአፕ ማሽኖች አግኝቼ ከርነላቸውን አሻሻልኩ፤ ከዚያም አሮጌውን ፕሮቶኮል ዘጋሁ። ያንኑ የሙከራ ፋይል ደግሜ ጽፌ ትራፊኩን ስቀዳው አንድም የሚነበብ ቃል አላገኘሁም።